የዐባይ በረሃ የአንድ ቀን ጉብኝትና የመንገዱ ነጋዴ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጐዳና ለምዕራብ ጐጃም ነጋዴ የኑሮው ሥር መሆኑ የታወቀ ነው። በርበሬው፣ በቆሎው፣ ጤፉና ማሩ የሚወጣው፣ ጨርቁ፣ ቆርቆሮውና ጨው የሚገባው በዚሁ ጐዳና ነው። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ከሸቀጥ ሌላ የሚመላለስ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም መንገደኛው ነው። ጅጋን የመሰለች ከተማ ከመንገደኛ የምታገኘው ገንዘብ መኪናው በቆመባት ደቂቃ ልክ ነው። መኪናው ሳይቆም ካለፈ የሞተሩን ድምፅ ከመስማት በቀር የምታገኘው ጥቅም የለም።

መንገደኛን ከሚያቆሙት ሥራዎች አንዱ፣ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው፣ በአስጐብኚ የሚመራ የአንድ ቀን የቡድን ጉብኝት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች አንዱን ሚኒባስ በጋራ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ድርሻውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ አገሩንና ታሪኩን የሚያውቅ አንድ አስጐብኚ አብሮ ይጓዛል፤ ምሳው፣ የመግቢያው ዋጋና ነዳጁ በአንዱ ክፍያ ውስጥ ይጠቃለላል፤ ጧት የወጣው ሰው ማታ ከቤቱ ወይም ከሆቴሉ ይመለሳል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያዊ ባዕድ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት መንፈሳዊ ጉዞ ሲያዘጋጁ ትኬቱን ከሳምንታት በፊት ይሸጣሉ፤ አውቶቡሱን ይከራያሉ፤ ቆሎውንና ዳቦውን ያሰናዳሉ፤ ስለ ገዳሙ የሚያስረዳ መምህር ይዘው ይጓዛሉ። በሰከላ ወደሚገኘው ግሼ ዐባይ የሄደ ምእመን ሁሉ ሥርዐቱን ያውቀዋል። ልዩነቱ አንዱ የሚደረገው ለነፍስ ዋጋ፣ ሌላው ለትርፍ መሆኑ ነው።

ዕቃ ለማምጣት ወደ ኢስታምቡል የሚመላለሱት አስመጪዎቻችን ሥራው በሰፊው ሲካሄድ ለማየት ቅርብ ናቸው። ከቅዱሳን መጻሕፍት ስሟን የምናውቃት ቀጰዶቅያ የምትገኘው በዚያው በቱርክ ውስጥ ነው። አገሪቱ እሳተ ገሞራ የተፋው ዐመድ ረግቶ ድንጋይ የሆነባት፣ ዝናብና ነፋስም ድንጋዩን እንደ ጉልላት አድርገው የጠረቡባት ናት። የጥንት ክርስቲያኖች በድንጋዩ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት ፈልፍለዋል፤ የጎሬሜ አካባቢም ከ1985 እ. ኤ. አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ የሚሸጡት የአንድ ቀን ጉዞዎች «ቀዩ» እና «አረንጓዴው» እየተባሉ በቀለም ስም ይጠራሉ። ገዢው ቀለሙን ከጠራ የት የት እንደሚሄድ፣ ምሳው እንደሚጨመርለትና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ያውቃል። ሚኒባሱ ቁልቋለ ድንጋዩን ካሳየ በኋላ ሸክላ ሠሪዎች ባሉበት በአቫኖስ ከተማ ይቆማል፤ የሸክላ ሠሪው ጥበብ ታይቶ ሲያበቃ የመሸጫው በር ይከፈታል። ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው ይህ ነው። ድንጋዩን ማንም በነጻ ያየዋል፤ የሚሸጠው ግን ሥርዐቱ፣ ማብራሪያውና ማረፊያው ነው።

የጐጃም መንገድ የራሱ የሆነ የድንጋይ ትእይንት አለው፤ እርሱም ሕዝቡ የዐባይ በረሃ የሚለው በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው ታላቅ ገደል ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ጧት በጋቢ የተጠቀለለ መንገደኛ ከድልድዩ ሲደርስ ሸሚዙን እስከማውለቅ ይደርሳል። አብዛኛው ሰው ይህን ገደል የሚያውቀው የጭነት መኪና እንደ ኤሊ የሚሳብበት፣ ፍሬን የሚሸትበት አስፈሪ መንገድ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ትርጉሙን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ግን በአንድ ሰዓት ቁልቁለት የምድርን የ200 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ገልጦ ያነባል።

ከአፋፉ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል፤ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። በአንዳንድ ቦታ ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ ስለ ረጋ እንደ ተደረደረ ምሰሶ ሆኖ ይታያል። የደጋው ለም አፈር፣ የጐጃም ጤፍ የሚበቅልበትም ጭምር፣ የዚሁ ድንጋይ ልጅ ነው። ወረድ ሲሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህ ድንጋይ የባሕር ወለል የነበረ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ያላነሰ ነው፤ በውስጡም የባሕር እንስሳት ቅርፊት ወደ ድንጋይነት ተለውጦ ይገኛል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ነጋዴ ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ጀሶ ከሸክላ አፈር ጋር ተነባብሮ ይታያል፤ ባሕሩ ጥልቅ ሳይሆን፣ ውሃው በፀሐይ እየተነነ ጨዋማ በሆነበት ዘመን የረጋ ነው። ከሁሉ በታች፣ ድልድዩ በተተከለበት ዙሪያ፣ ቀይ አሸዋ ድንጋይ አለ፤ ይህም ባሕሩ ሳይመጣ ወንዞች ያከማቹት አሸዋ ነው።

ይህ ሁሉ ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይደለም። በዚሁ ገደል ተቀጥላ በሙገር ሸለቆ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን የሚያወጣው ከዚህ ዐይነት የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶና ጀሶ በጆንያ የሚሸጥ የጅጋ ባለሱቅ የዕቃውን አባት በገደሉ ላይ ቆሞ ሲያይ የሚደነቀው ከማንም ጐብኚ በላይ ነው።

በወንዙ ላይ ሁለት ድልድዮች ጐን ለጐን ይታያሉ። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ. ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው፤ አሮጌው በአጠገቡ ይገኛል። ስፍራው ዘብ የሚጠብቀው ስለ ሆነ አስጐብኚው ፈቃድ ሳይጠይቅ ጐብኚዎቹ ፎቶግራፍ እንዲያነሡ መፍቀድ የለበትም። ደግሞም ከጐብኚዎች አንዱ «ግድቡ ወዴት ነው?» ማለቱ አይቀርም። በጳጉሜን 2017 ዓ. ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጉባ፣ ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በወንዙ ቁልቁል እንደሚገኝ አስጐብኚው በትዕግሥት ማስረዳት አለበት።

ከአዲስ አበባ ያሉ አስጐብኚ ድርጅቶች በዚህ አቅጣጫ የሚሸጡት የአንድ ቀን ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው በደብረ ሊባኖስ ነው፤ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ለምሳ ደርሶ ለመመለስ ይመቻል። በዚያ ያለው የድንጋይ ድልድይ የፖርቱጋሎች ይባል እንጂ ራስ ዳርጌ ያሠሩት እንደ ሆነ ይነገራል። ደጀን ግን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ገደሉን ወርዶና ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስ ጐብኚውን ያደክመዋል። ከጐጃም በኩል ሲታይ ነገሩ ይለወጣል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር፣ ከጅጋም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የዐባይ በረሃን የአንድ ቀን ጉብኝት ለመሸጥ የተመቸ ቦታ የያዘው የጐጃም ነጋዴ ነው።

ሰላም በሆነ ጊዜ ከጅጋ የሚነሣ ቡድን ቀኑን እንዲህ ሊከፋፍለው ይችላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ጧት አንድ ሰዓት ገደማ ደብረ ማርቆስ ቁርስ ያደርጋል። በሦስት ሰዓት ከደጀን አፋፍ ቆሞ ገደሉን ከላይ ያያል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በባዛልቱ፣ በኖራ ድንጋዩና በጀሶው አጠገብ መንገዱ ሰፋ ባለበት እየቆመ እስከ ድልድዩ ይደርሳል። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ሽቅብ መመለስ ይገባዋል። ምሳ በደጀን፤ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ጅጋ። በትልቅ አውቶቡስ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ አውቶቡስ በጠመዝማዛው ላይ እንደ ልብ አይቆምም፤ ከዐሥራ ሁለት ሰው በላይ በሆነ ቡድንም ውስጥ በሚያልፉት የጭነት መኪኖች ጩኸት የአስጐብኚው ድምፅ አይሰማም። የቡድኑ ማነስ ለቅንጦት ሳይሆን መንገዱ የሚያስገድደው ነው።

ሒሳቡን በሚገባ ማየት ያስፈልጋል፤ በዚህ ሥራ የሚከስሩት ብዙዎቹ የሚከስሩት በሒሳብ ነውና። ለስሌት ብቻ እንዲመች፣ የመኪናው ኪራይ፣ የነዳጁ፣ የሹፌሩና የአስጐብኚው ወጪ በጠቅላላ 15,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ሰው ቁርስ፣ ምሳና ውሃ ደግሞ 500 ብር ነው እንበል። ትኬቱ በ2,300 ብር ቢሸጥና ዐሥር ሰው ቢሄድ፣ 3,000 ብር ይተርፋል። ስምንት ሰው ቢሄድ 600 ብር ይከስራል። ስድስት ሰው ብቻ ቢሄድ ኪሳራው 4,200 ብር ይሆናል። መኪናው ሞላም ጎደለም የሚከፈለው ያው ነውና፤ ትርፉ ያለው በዘጠነኛውና በዐሥረኛው ወንበር ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ግማሹን ዋጋ አስቀድሞ መቀበልና «ዘጠኝ ሰው ካልሞላ ጉዞው ይተላለፋል፤ ገንዘቡ ይመለሳል» የሚለውን በደረሰኙ ላይ መጻፍ ከብዙ ጠብ ያድናል።

ጐብኚው የግድ የውጭ አገር ሰው መሆን የለበትም። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ መምህራን፣ የባንክ ሠራተኞች፣ የተማሪ ወላጆች፣ ለበዓል ከውጭ አገር የመጡ የአካባቢው ተወላጆች፣ እነዚህ ሁሉ ዐሥር ወንበር ለመሙላት ይበቃሉ። በረሃውን ብዙ ጊዜ ያቋረጡት ናቸው፤ ቆመው ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የባለሱቁና የምግብ ቤቱ ድርሻ የሚወሰነው ጉዞው ሳይጀመር ነው። አዘጋጁ ከዋዜማው የሰዉን ቍጥር በስልክ ቢነግረው፣ ባለምግብ ቤቱ ዐሥሩንም በአንድ ጊዜ ያስተናግዳል፤ ካልነገረው ግን እንጀራው እስኪጋገር ጉብኝቱ ይበላሻል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ወራት የጾም ምግብ መሰናዳቱ ሊዘነጋ አይገባም። ለሽያጭ የሚሆነውም ሩቅ ፍለጋ አያሻውም፤ ተፈጭቶ በንጹሕ ማሸጊያ የታሸገ በርበሬ፣ የተጣራ ማር፣ ጋቢና ሰፌድ፣ ለሚወድም የደምበጫ አረቄ አለ። አምስት ኪሎ በርበሬ በጆንያ ተሸክሞ የሚሄድ ጐብኚ የለም፤ ግማሽ ኪሎ የታሸገውን ግን ሁሉም ይገዛል።

በዚህ ላይ ከቀጰዶቅያ መቅዳት የማይገባ ነገር አለ። በዚያ ብዙ መደብሮች ቡድን ላመጣላቸው አስጐብኚ ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላሉ፤ ድርሻው በዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚጨመር ገዢው በኋላ ያንኑ ዕቃ በሌላ ሱቅ በርካሽ ሲያገኘው መታለሉን ያውቃል። የጅጋ ደንበኛ የሩቅ አገር ሰው ሳይሆን የጐረቤት ከተማ ሰው ነው፤ ወሬውም በማግስቱ ይደርሳል። ዋጋን ጽፎ መለጠፍ ይሻላል።

ሥራውን በቋሚነት ለመያዝ የሚፈልግ ሰው የንግድ ፈቃድና ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ማውጣት አለበት፤ የሚከራየው መኪናም በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን እንዳለው ሰነዱን አይቶ ማረጋገጥ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሰላም ጉዳይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ. ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የአዋጁ ጊዜ በ2016 ዓ. ም. ካበቃ በኋላም ግጭቱ ቀጥሏል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መጨረሻ ከበረሃው ወዲያ ማዶ በገብረ ጉራቻ አካባቢ በአውቶቡስ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታግተዋል። መንገዱ በተዘጋ ቍጥር የጅጋ ምግብ ቤት ድስቱን ሳይጥድ ይውላል፤ የበርበሬ ነጋዴውም ጭነቱን ይዞ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሽርሽር ሰውን አሰባስቦ ማውጣት ማንም አስተዋይ ነጋዴ የሚያደርገው አይደለም። አዘጋጁ ትኬት ከመሸጡ በፊት፣ ደግሞም በዋዜማው፣ የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደርና ከሹፌሮች መጠየቅ አለበት፤ ጥርጥር ካለ ገንዘቡን መመለስ ነው። የሰዓት ገደብ በታወጀበት ወቅትም ከጅጋ በሌሊት መነሣት ስለማይቻል፣ መንገዱ ክፍት ቢሆን እንኳ ቡድኑን ከደብረ ማርቆስ ማስነሣት ይገባል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ክረምት ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ ናዳው መንገዱን ይዘጋል፣ ጉሙም ገደሉን ይሸፍነዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ በወንዙ ዳር ሙቀቱ ይበረታል። ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው፤ ይህም በርበሬው ለገበያ የሚደርስበት ወቅት ነው።