ዓይነ ስውራን የሚለብሱት መሣሪያ እንዴት ይሠራል?

«ለዓይነ ስውር የሚያይ መነጽር ተሠራ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። «ለኛስ ተማሪ መቼ ይደርሳል?» ከማለታችን በፊት ግን አሠራሩን እንወቅ።

አንደኛው ዓይነት እንደ ሌሊት ወፍ በድምፅ ይሠራል። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደፊት ይልካል፤ ድምፁ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 2 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ 0.012 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። መሣሪያው ይህን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን በጆሮ ድምፅ ወይም በንዝረት ይናገራል።

ሁለተኛው ዓይነት ካሜራ አለው። ጽሑፉን ፎቶ አንስቶ፣ ፊደሉን ለይቶ ጮክ ብሎ ያነባል። ታዲያ የሚያነበው የተዘጋጀበትን ቋንቋ ብቻ ነው። አማርኛ ካልገባበት የኛ መጽሐፍ ለሱ ሥዕል ነው።

ነጭ በትር ይቅር ማለት ነው?

አይደለም። ግንባር የሚመታ ቅርንጫፍን በትር አያገኘውም፤ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ መሣሪያ ያገኘዋል። በካርቱም መንገድ ዳር ያለውን ክፍት ቦይ ግን ቀድሞ የሚነግረን በትሩ ነው። ባትሪም አይፈልግም።

ሌላም ችግር አለ። አርገስ 2 የሚባለው መሣሪያ የመነጽር ካሜራና ዓይን ውስጥ በቀዶ ጥገና የሚገባ ክፍል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኩባንያው በ2019 ምርቱን አቆመ፤ መሣሪያው ከገባላቸው ወደ 350 ሰዎች ብዙዎቹ ሲበላሽባቸው የሚጠግንላቸው አጡ። ስለዚህ መሣሪያ ሲመጣልን ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ይጠግነዋል? በምን ይሞላል? በየትኛው ቋንቋ ይናገራል?

እስከዚያስ?

ልጁ መሣሪያ እየጠበቀ አይቀመጥ። በካርቱም ባሕሪ የሚገኘው አል ኑር የዓይነ ስውራን ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ልጆችን በብሬል ያስተምር ነበር። በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ወ/ሮ የትነበርሽ ንጉሤም ትምህርታቸውን የጀመሩት ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። መምህራን፣ ሰሌዳ ላይ የምትጽፉትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ተማሪዎች፣ ጓደኛችሁን ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ እሱ የናንተን ክንድ ይያዝ።

መልመጃ፦ ግድግዳው 5 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል?
መልስ፦ 10 ÷ 340 = 0.03 ሴኮንድ ገደማ።