ከጥቁር ወላጆች ዳለቻ ቡችላ እንዴት ይወለዳል?

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ ከሁለት ጥቁር ውሾች ዳለቻ ቡችላ ቢወለድ «አባቱ ሌላ ነው» ማለት ይቀናናል። ውሻ ከተለያዩ አባቶች የተፀነሱ ቡችሎችን በአንድ ጊዜ ልትወልድ ስለምትችል ግምቱ ከንቱ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ቀለሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የውሻ ጠጉር ቀለም የሚገኘው ከጥቁርና ከቀይ ሜላኒን ነው። በዳለቻው ቡችላ ጠጉር ውስጥ ያለውም ያው ጥቁሩ ሜላኒን ነው፤ ነገር ግን ቅንጣቶቹ በእኩል በመሠራጨት ፈንታ ተጓጉለዋል። በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን ስለማይዋጥ ጠጉሩ ፈዝዞ ይታየናል። ሥርጭቱን የሚመራው ሜላኖፊሊን የተባለው ዘረመል ነው።

የዚህ ዘረመል ጉድለት ያለበት ቅጂ ድብቅ ነው፤ አንድ ብቻ የወረሰ ውሻ ጥቁር እንደሆነ ይኖራል። ሁለት እንዲህ ያሉ ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ግን እያንዳንዱ ቡችላ ዳለቻ የመሆን ዕድሉ 1/4 ነው። ከስድስት ቡችሎች አንድም ዳለቻ ያለመገኘቱ ዕድል 3/4 ስድስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 18 በመቶ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ቀለሙ ለትውልዶች ተሰውሮ ሊቆይ ይችላል።

ብርቅ ቀለም ፍለጋ ዘመዳሞችን ማዳቀል ሌሎች ድብቅ ጉዳቶችንም ያወጣል፤ የአንዳንድ ዳለቻ ውሾች ጠጉርም ይረግፋል። እንግዲህ ቡችላ ስንመርጥ ከቀለሙ ይልቅ ጤናውንና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን እናስቀድም።