ሳፔራቪ ስለሚባለው ቀይ የወይን ጠጅና ስለሚስማማው ማዕድ

ጾሙ ተፈጽሞ በዓል በደረሰ ጊዜ፣ ከዘመድ በስጦታ የመጣ የቀይ ወይን ጠጅ ጠርሙስ በብዙ ቤት ገበታ ላይ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም ከዶሮው ወጥ አጠገብ ይቀመጣል። እኛ ግን ይህን አቀማመጥ አንወደውም። ምክንያቱን ለማስረዳት፣ በወይን ተክል እጅግ ጥንታዊት ከሆነችው ከጆርጂያ አገር አንዱን ወይን በምሳሌነት እናቀርባለን።

ስሙ ሳፔራቪ ይባላል፤ በአገሩ ቋንቋ «ማቅለሚያ» እንደ ማለት ነው። የአብዛኛው ጥቁር ወይን ቀለም በልጣጩ ብቻ ሲሆን፣ የዚህ ግን ውስጡ ጭምር ቀይ ነው። ስለዚህ ጠጁ በጸሐፊ የቀለም ቀንድ ውስጥ እንዳለ ቀለም ጠቁሮ ይታያል። ካኬቲ በሚባለው በምሥራቁ አውራጃ፣ ጭማቂውን ከነልጣጩና ከነዘሩ፣ ውስጡ ሰም በተቀባ፣ እስከ አንገቱም በመሬት በተቀበረ ታላቅ ጋን ያብላሉታል። ጋኑን ክቬቭሪ ይሉታል። የጠላና የጠጅ ጋን የምታውቅ እመቤት ነገሩን ለመረዳት አይቸግራትም። እ.ኤ.አ. በ1985 የሶቪየት መንግሥት መጠጥን ለመቀነስ ባወጀው ዘመቻ ብዙ የወይን ተክል ተነቅሎ ነበር፤ ሆኖም ጥበቡ በየቤቱ ስለ ተጠበቀ አልጠፋም፤ በ2013ም ዩኔስኮ በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። የአላቬርዲ ገዳም መነኮሳት ዛሬም በዚሁ ጋን ይጠምቃሉ።

ጠባዩ ኃይለኛ ነው። የበሰለ የዱር እንጆሪ ይሸታል፤ ኮምጣጣነቱ ጎልቶ ይሰማል፤ ከልጣጩና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን የተባለው ነገርም፣ ብዙ እንደ ቆየ የሻይ ቅጠል፣ ምላስን አድርቆ አፍን ይሰበስባል። ለብቻው ሲጠጡት ሻካራ ነው። ነገር ግን ታኒኑ ከሥጋው ጋር ሲገናኝ ይለዝባል፤ ኮምጣጣውም ስቡን ከምላስ ላይ ያጥባል። ስለዚህ ጆርጂያውያን የሥጋ ቁራጭ በብረት ሰክተው፣ በደረቀ የወይን ሐረግ ፍም ጠብሰው አብረው ያቀርቡታል። በጾምም ጊዜ ቅባታም የሆነው ዋልነት የገባበት የአትክልት ምግብ አላቸው።

በርበሬ ግን ሌላ ነገር ነው። የጠጁ አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያብሳል፤ የተቃጠለውም ምላስ የታኒኑን ምሬት አብልጦ ይሰማዋል። እንግዲህ አንዲት እናት ሌሊቱን ሙሉ የደከመችበት ወጥ እሳት ብቻ ይሆናል፤ እንግዳውም ጠጁን ይነቅፋል። ሁለቱም ያለ ጥፋታቸው ተዋረዱ ማለት ነው። ለዶሮው ወጥ ጣፋጭነቱ ቃጠሎውን የሚያበርድ የማር ጠጅ እጅግ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ክርክር አንቀበልም።

ለእንዲህ ያለው ቀይ ወይን የሚገባው ቃሪያ ያልበዛበት የበግ ጥብስ፣ በከሰል የተጠበሰ ጎድንም ነው። ክትፎም ቅቤው ይረዳዋል፤ ሚጥሚጣው ግን ጥቂት ይሁን።

ጠጁ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቢቀርብ መልካም ነው። ቡሹን ነቅሎ መተው ብዙ አይረዳም፤ ከመብሉ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ወደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ቢገለበጥ ግን አየር አግኝቶ ሻካራነቱ ይቀንሳል። የተረፈውም ቡሹ ተደፍኖ በማቀዝቀዣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።