ዘጠና ዙር በሁለት ደቂቃ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት፣ ባሕር ዛፍ ግራና ቀኙን ካጠረው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ፣ የድምፅ መሣሪያ መጠገንን እንጀራዬ ካደረግሁ ወዲህ ከገጠመኝ ሁሉ አብልጦ ያስተማረኝን ሥራ ባለፈው ጥቅምት ሠራሁ። የቤቱ ባለቤት በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምረው፣ ኋላም በመምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አረጋዊ ናቸው። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው የሸክላ ማጫወቻ፣ ካረጀው ከቀድሞው የጠራ ድምፅ ያሰማኛል ብለው ተስፋ አድርገው ነበርና፣ ገና ከደጅ ሲቀበሉኝ «ልጄ፣ ዕቃው ደኅና ነው፤ ዘፋኙ ግን ታሟል» አሉኝ።

ያቀረቡልኝ ሸክላ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ባቋቋመው በአምሃ ሪከርድስ የወጣ፣ የዘፋኙ የአለማየሁ እሸቴ ባለ 45፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር፣ ነበር። ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ዘመን፣ ያ ወጣት ነጋዴ ደፍሮ ከ100 የሚበልጡ ባለ 45 ሸክላዎችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አውጥቶልናልና፣ ከእነዚያ አንዱን በእጄ በያዝሁ ቁጥር የአደራ ዕቃ እንደ ተቀበለ ሰው እጠነቀቃለሁ።

መርፌው ባረፈ ጊዜ የተሰማው ድምፅ የወፈረና የተጎተተ ነበር፤ ቅኝቱ ግን አልፈረሰም። መዞሪያው ሲዘገይ ድምፆቹ ሁሉ በአንድ ልክ ዝቅ ስለሚሉ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እንደ ነበረ ይኖራል፤ ስለዚህም ዘፋኙን በዘመኑ ያልሰማ ሰው፣ ያን የከበደ ድምፅ እውነተኛው ነው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሊያደንቀው ይችላል። የእኒህን አረጋዊ ጆሮ ያላታለለው፣ ግዕዙን ከዕዝል፣ ዕዝሉን ከአራራይ ለይቶ ያደገ በመሆኑ ይመስለኛል።

ከማጫወቻው ሳህን ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ፣ ሰዓቴን ይዤ ዙሩን ቈጠርሁ። ባለ 45 ሸክላ በሁለት ደቂቃ 90 ጊዜ መዞር ሲገባው 75 ጊዜ ብቻ ዞረ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ዑደት ሲኖረው የእኛ 50 ነው፤ የዚህ መሣሪያ ሞተርም ፍጥነቱን የሚወስደው ከዑደቱ ነውና ከስድስት እጅ አንዱን አጥቷል። ዕቃውን የተከሉላቸው ሰዎች 220 ቮልቱን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አግብተው ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል፤ ትራንስፎርመር ግን ቮልት እንጂ ዑደት አይለውጥም።

በዚያ ቤት መስኮት የእንጦጦ ማርያም ደብር ጣራ በባሕር ዛፉ መካከል ይታያል። በዚህ ደብር ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት ዐፄ ምኒልክ፣ በ1891 ዓ.ም. ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ሆነው ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የድምፅ መልእክት በሰም ላይ የተቀረጸ ነበር። የእኒያ ንጉሥ ድምፅ ቀጭን ነበር ወይስ ወፍራም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የተንጠለጠለው፣ ያን ሰም የሚያሽከረክረው እጅ በመረጠው ፍጥነት ላይ መሆኑን ሳስብ፣ የሙያዬ ኃላፊነት ይከብደኛል።

ደንበኛዬ ትልልቅ ስፒከር ሊገዙ አስበው ነበር፤ እኔ ግን ገንዘባቸውን እንዲያስቀምጡ ለመንኋቸው፤ መርፌው ከሸክላው ያላነሣውን ድምፅ የትኛውም ስፒከር ከወዴትም ሊያመጣው አይችልምና። የጠፋው ፍጥነት እንዲመለስ፣ ከሞተሩ ጫፍ ያለውንና ሳህኑን በላስቲክ ቺንጊያ የሚያዞረውን ፑሌጃ ቶርኖ ቤት ወስጄ፣ 10 ሚሊሜትር የነበረውን በ12 ሚሊሜትር ነሐስ አስቀረጽሁ፤ ሞተሩም በዝቅተኛው ዑደት ይበልጥ ስለሚሞቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስኬጄ ደጋግሜ ዳሰስሁት። ቀጥሎ የተበላውን መርፌ ለወጥሁ፤ ያለቀ መርፌ ክሩን እንደ ማረሻ እየፋቀ ስለሚሄድ፣ የሚጠፋው የዕለቱ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሸክላው ራሱ ነው። የክንዱን ክብደት ሠሪው ባዘዘው ልክ ወደ ሁለት ግራም አወረድሁት፤ ማጫወቻውንም ከሚንቀጠቀጠው የእንጨት ቁም ሣጥን አንሥቼ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ፣ በውኃ ልክ አስተካክዬ አስቀመጥሁት።

የቀረው የማጉያው ነገር ነበር። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው፤ ይህን ወደ ቦታው የሚመልስ ፎኖ የሚባል መግቢያ ደግሞ በብዙ አዳዲስ ማጉያዎች ላይ አይገኝምና፣ ማጫወቻው በቀጥታ ከተገናኘ ዘፈኑ እንደ ቆርቆሮ ቀጥኖ ይሰማል። ከአንድ አሮጌ ማጉያ ያወጣሁትን የፎኖ ክፍል በትንሽ ሣጥን አድርጌ በመካከላቸው አገባሁ።

በመጨረሻ አረጋዊው ራሳቸው ሰዓቱን ያዙ፤ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቈጠሩ፤ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ «ዘጠና» አሉ። ከዚያም ሸክላውን ራሳቸው አስቀምጠው መርፌውን አሳረፉ፤ የአለማየሁ ድምፅ ቀልጠፍ ብሎ፣ ወጣትነቱን ለብሶ ሲወጣ፣ ሁለታችንም እስኪያልቅ ድረስ በአርምሞ ቆየን። ልሰናበት ስል ወረቀቱን ከሳህኑ ጠርዝ ለማንሣት እጄን ብዘረጋ፣ የላስቲኩ ቺንጊያ እየላላ ሲሄድ ዙሩ እንደሚቀንስ ነግሬያቸው ነበርና፣ «ተወው፤ በየወሩ እቈጥራለሁ» አሉኝ።