ስፌት (የእጅ ሥራ)

ስፌት ሣርን እየጠቀለሉና በወስፌ እየወጉ መሶብ፣ ሰፌድና ሌሎች የቤት ዕቃዎችን የሚሠሩበት የእጅ ሙያ ነው። ቃሉ የልብስ ስፌትንም ያመለክታል፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የሣሩን ስፌት ነው። በኢትዮጵያ ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ሲሆን፣ ከእናት ወደ ልጅ በማየትና በመሞከር ይተላለፋል።

ጥሬ ዕቃና መሣሪያ

ለስፌት ከሚውሉት ሣሮች የታወቁት ስንደዶና አክርማ ናቸው። ሣሩ ክረምቱ ሲያልፍ ተሰብስቦ ይደርቃል፤ ከዚያም ታስሮ ይቀመጣል። በወቅቱ ያልሰበሰበች ሴት ከገበያ ለመግዛት ትገደዳለች። ቀለም የተነከረው ሣር አለላ ይባላል። ቀለሙ ቀድሞ ከዕፅዋት ይዘጋጅ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ከገበያ የሚገዛ ዱቄት ነው። ዋናው መሣሪያ ወስፌ ነው፤ ይህም እጀታ ያለው ሹል ብረት ነው።

አሠራር

ሥራው ከመሐል ይጀመራል። ቀጭን የሣር ጥቅል ክብ እየዞረ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ጋር ይሰፋል። በወስፌ ይበሳል፣ የሣሩ ጫፍ በቀዳዳው ያልፋል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ሣሩ እንዳይሰበር በውኃ ይለሰልሳል። አዲሱ ዙር ከቀደመው ጎን ከተሰፋ ሥራው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በላዩ ከተሰፋ ደግሞ ወደ ላይ ይቆማል። ጥለቱ በወረቀት አይነደፍም፤ ሠሪዋ ቀለም የምትቀይርበትን ቦታ በቁጥር ይዛ ትሄዳለች። ቁጥሩ ከተሳሳተ እስከዚያ ድረስ መፍታት ግድ ነው። ጥሩ ስፌት በጥብቀቱ ይታወቃል።

ዓይነቶች

መሶብ እንጀራ የሚቀርብበት ባለ ክዳን ገበታ ነው። ሰፌድ እህል ለማበጠር፣ ሙዳይ ጥጥና ጌጣጌጥ ለማስቀመጥ ያገለግላሉ። አገልግል በቆዳ የተለበጠ የመንገድ ስንቅ መያዣ ነው። በሐረር ከተማ የሐረሪ ሴቶች የሠሯቸው ስፌቶች በቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው እንደ ጌጥ ይታያሉ። ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል ሴቶችም ሙያውን ይዘው ሄደዋል።

ዋጋና ገበያ

ስፌት መብራትም ሆነ ማሽን አይፈልግም፤ ቡና እስኪፈላ ተሠርቶ፣ ልጅ ሲያለቅስ ተቀምጦ፣ ማታ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ከቤት መውጣት ለማትችል ሴት አመቺ የገቢ ምንጭ ነው። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ሥራው በትርፍ ጊዜ ስለሚሠራ ጊዜው ሳይቆጠር ይቀራል። ገዢ የሚያየው ሣሩን ነው፤ ሣር ደግሞ ርካሽ ነው። አንድ መሶብ ግን የብዙ ሳምንታት ሥራ ሊሆን ይችላል። ሠሪዋ ከሣሩና ከቀለሙ ዋጋ በተጨማሪ የሠራችበትን ሰዓት ካልመዘገበች፣ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር የምትይዘው ማስረጃ አይኖራትም። የፕላስቲክ ዕቃ በርካሽ በመምጣቱ የዕለት መገልገያ የሆኑት ስፌቶች ገበያ ጠብቧል፤ ጌጠኛ መሶብ ግን ለሠርግ ስጦታና ለእንግዳ ማስተናገጃ አሁንም ይፈለጋል።

በቋንቋ

ከአንድ ሰፊ ጉዳይ ጥቂቱን ለይቶ ማንሳት «አንድ ሰበዝ መምዘዝ» ይባላል። ሰበዝ የስፌት ሣር አንዷ ዘለላ ናት፤ አነጋገሩ መሶብ ሰፍቶ በማያውቅ ሰው አፍም ይሰማል።