በትንሽ የቤት ማሽን ማኪያቶ ላይ ልብ ለመሳል ስንት ሊትር ወተት ይፈጃል?

ዛሬ እሁድ ነው፣ ዋጋ የለም። ስለዚህ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ልመልስ፦ "የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ይዤ ማኪያቶ መሸጥ ልጀምር ወይ?" እኔ ቡናና እህል አገናኛለሁ እንጂ ባሪስታ አይደለሁም። ግን ጉዳዩ ቤቴ ድረስ መጥቶብኛል።

ታናሽ እህቴ ከዱባይ ስትመለስ አንድ ትንሽ ማሽን በሻንጣ ይዛ መጣች። ያቺ ወርዷ ስንዝር የማይሞላ፣ ካርቶኗ ላይ "15 ባር" የተጻፈባት ዓይነት። ሰፈር ውስጥ ጠባብ ሱቅ አግኝታ የስድስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ልትከፍል ነው። የሰባት ዓመት ልፋቷ ነው ብሩ። "ቆይ፣ መጀመሪያ ማኪያቶ ላይ ልብ ሳይልኝ" አልኳት። እውነቱን ለመናገር ላዘገያት ብዬ ነው። እሷ ግን የምሯን ያዘችው፣ እኔንም አስገባችኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያገኘነው የኦሞ አረፋ ነው። ቀስ እያለ የሚፈርስ፣ ከቡናው ጋር የማይዋሃድ። ጥፋቱ የእጃችን መስሎን ነበር። የእንፋሎት ቧንቧው ጫፍ ላይ ወፍራም መሸፈኛ ተሰክቷል፤ ጎኑ ላይ ባለች ቀዳዳ አየር በራሱ ይስባል። ለጀማሪ ታስቦ ነው፣ ግን ትልልቅ አረፋ ብቻ ይሰጣል። በብዙዎቹ ማሽኖች ተጎትቶ ይወጣል (ሳይቀዘቅዝ እንዳትነኩት!)። ከሥሩ ቀጭን ቧንቧ አለ። ከዚያ በኋላ አየሩን የምታስገቡት እናንተ ናችሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንፋሎቱን ትንሽ ክፈቱና በቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውሃ አስወጡ። ቀዝቃዛ ወተት ጆጉን ግማሽ ሳይሞላ ይቀዳል። ጫፉን ከወተቱ ፊት ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጉት፤ ወረቀት የሚቀደድ ዓይነት "ጭስ ጭስ" የሚል ድምፅ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ጆጉን አዘንብሉ፣ ወተቱ ይሽከርከር። እጃችሁ ጆጉን መያዝ ሲያቅተው ዝጉ፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። 70 ካለፈ ጣዕሙም አረፋውም ይበላሻል። የተሳካ ወተት አዲስ የተቀባ ቀለም ይመስላል፣ ያብረቀርቃል።

አቀዳዱ መጀመሪያ ከፍ ብሎ በቀጭኑ ነው፤ ስኒው ግማሽ ሲደርስ የጆጉን አፍ ቡናው ላይ ሊነካ ምንም እስኪቀረው ታወርዱታላችሁ። ነጭ ክብ ሲወጣ እዚያው ያዙ፣ መጨረሻ ላይ ከፍ አድርጋችሁ መሐሉን በቀጭኑ ቁረጡት። ልብ ሆነ። ቅጠሏ ሌላ ጣጣ ናት። ይህን ነገር በሲያትል ያስፋፋው ዴቪድ ሾመር እንኳ ልቡን በ1980ዎቹ መጨረሻ ይዞ ቅጠሏ ላይ የደረሰው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንግዲህ እኛ አንቸኩል።

በዚያ ሳምንት 11 ሊትር ወተት አለቀ። እማዬ "ሕፃን አደረጋችሁን እኮ" ብላ እስክትቆጣ ቤተሰቡ በሙሉ ጠጣ። ከዚያ ነው በውሃ መለማመድ እንደሚቻል ያወቅነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና። አረፋው እንደ ወተት ባይሆንም አየር ማስገባቱንና ማሽከርከሩን በነፃ ታስተምራለች። ጆጉን በደንብ እጠቡት ብቻ።

ቡናው ላይ ደግሞ እኔው ተሳሳትኩ። ይርጋጨፌ አመጣሁ፣ እማዬ ጠዋት ቆላች፣ በሙቀጫ ወቀጠች፣ እዚያው ሞከርን። ለጀበና ከዚህ የተሻለ የለም። ለማሽን ግን አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚበዛበት ክሬማው ይነፋና ወዲያው ይጠፋል፤ ሳምንት ያህል ማረፍ አለበት። ውቃጩም አይሆንም፣ ውሃው በ10 ሰከንድ ያልፋል። በ18 ግራም ወደ 36 ግራም ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ካልወጣ ወተቱን የሚሸከም ክሬማ አይኖርም። ስለዚህ ለማሽኑ የምትቆጥቡትን ለመፍጫ አውጡ።

አሁን ወደ ሥራችን። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ጥሬ ቡና ተቆልቶ 14 ኪሎ ግድም ይሆናል። በ18 ግራም ሲካፈል ወደ 770 ስኒ። በስኒ 120 ሚሊ ሊትር ወተት ብትሉ ከ90 ሊትር በላይ ነው። የሰፈራችሁን የወተት ዋጋ አስገብታችሁ አስሉት፤ ሰው ሁሉ ስለ ቡና ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን፣ አብዛኛው ደንበኛ የጾም ነው የሚፈልገው። የአኩሪ አተር ወተት ልብ ይሠራል፣ ግን ኮምጣጣነት ያለው ቡና ላይ እንደ አይብ ይቋጥራል። እኛ ያልታጠበ ጅማ ትንሽ ጠቆር አድርገን ቆልተን ነው የተስተካከለልን።

በአምስተኛው ሳምንት እህቴ ልቡን አወጣችው፣ ያምራል። ያኔ አሥር ጎረቤት ጠርተን ልክ እንደ ጠዋት 2 ሰዓት ግርግር ተከታትላ እንድትሠራ አደረግን። ማሽኗ ማሞቂያዋ አንድ ስለሆነ ቡና ካወጣች በኋላ ለእንፋሎት መጠበቅ፣ ከእንፋሎት በኋላ ደግሞ ለቡና ማቀዝቀዝ ግድ ነው። አሥሩ ስኒ 48 ደቂቃ ፈጀ። ሰባተኛው ላይ እንፋሎቱ ውሃ ውሃ አለ፣ ልቡም ሽንኩርት መሰለ። ሁለት ጎረቤቶች ሳይጠጡ ወደ ሥራ ሄዱ።

ኪራዩን አልከፈለችም። አኩርፋኝ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ አሁን ታርቀናል። ማሽኗ ቤት ውስጥ አለች፣ እሷም አንድ ካፌ ውስጥ ጠዋት ጠዋት እየሠራች ነው። ያገለገለ ባለሁለት እጅ ማሽን ከነመፍጫው የሚሸጥ ካለ በውስጥ መስመር አሳውቁን፤ የድለላ አልጠይቅም። የነገውን የጤፍ ዋጋ ጠዋት እለጥፋለሁ።