አሮጌ ብስክሌት፤ የናፍቆት ዕቃ ወይስ የምኞት?

በኢጣልያ አገር፥ በቶስካና፥ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በየዓመቱ በመስከረም ማለቂያ ገደማ ከአያሌ አገሮች የመጡ ብስክሌተኞች በዚያ ይሰበሰቡና የሱፍ ሹራብ ለብሰው፥ አሮጌ ብስክሌታቸውን እየነዱ፥ በጠጠሩ መንገድ ላይ ይጓዛሉ። ጉዞው ሌሮይካ ይባላል። ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ ሰው በ1997 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ሲጀምረው የተገኙት 92 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ዓላማውም ነጩ የጠጠር መንገድ በአስፋልት ተሸፍኖ እንዳይጠፋ ነበር።

ደንቡ ጥብቅ ነው። ከ1987 በኋላ የተሠራ ብስክሌት አይገባም። የካምቢዮው ማንሻ በመሪው ላይ ሳይሆን በቴላዮው በታችኛው ቱቦ ላይ መሆን አለበት፤ የፍሬኑ ገመድ ከመሪው ውጭ ይታያል፤ ፔዳሉም እግርን በጠፍር የሚይዝ ነው። (ካምቢዮ፥ ፍሬን፥ ጎማ፥ ቸርኬ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የመጡት ከኢጣልያንኛ ስለሆነ የሰፈራችን ጎሚስታ በዚያ ቢገኝ ያለ አስተርጓሚ ሳይግባባ አይቀርም።)

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰው የሚስበው ምንድር ነው? ሲጠየቁ ብዙዎቹ ናፍቆት ነው ይላሉ። ነገር ግን ሰው የሚናፍቀው የነበረውን ነው። ለብዙው ኢጣልያዊ የነበረው ብስክሌት ደግሞ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 «የብስክሌት ሌቦች» በተባለው ፊልም ያሳየው ዐይነት ነው። ሥራ ያገኘ ድኻ በመያዣ ያለውን ብስክሌቱን ለማስለቀቅ ገንዘብ ሲያጣ ሚስቱ የአልጋ አንሶላቸውን ገፍፋ ታስይዛለች። ብስክሌት ማለት እንጀራ ነበር። ዛሬ ግን ሰብሳቢዎች ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት በዚህ ላይ አይደለም፤ በኮልናጎ፥ በቺኔሊ፥ የካምፓኞሎ ዕቃ በተገጠመለት የእሽቅድምድም ብስክሌት ላይ ነው።

ኤዲ መርክስ በ1972 በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የሄደው ኤርኔስቶ ኮልናጎ በሠራለት ብስክሌት ነበር። ያን ጊዜ በሱቅ መስኮት ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ሲመለከት የዋለ የ15 ዓመት ልጅ፥ ሸምግሎ ገንዘብ ሲያገኝ ያንኑ ብስክሌት ይገዛል። ይህን ሰው ናፍቆት ያዘው ማለት ትክክል አይመስለኝም፤ የያዘው ሃምሳ ዓመት የቈየ ምኞት ነው። በ1933 የተቋቋመው ካምፓኞሎም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ በ1983 ኀምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር ልዩ የመታሰቢያ ዕቃ በሣጥን አድርጎ ሸጠ። እስከ ዛሬ ሳይገጠም በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ አለ!

ምኞትን አልነቅፍም። ጒዳቱ የሚመጣው ምኞቱ የናፍቆትን ስም ይዞ የአባትን ብስክሌት «ሲያድስ» ነው። ባለቤቱ ቀለሙን ያስፍቃል፥ ኒኬል ያስነክራል፥ አባቱ ከሌላ ብስክሌት ነቅሎ የገጠመውን ጐዶሎ ፔዳል ጥሎ በካታሎጉ መሠረት ውዱን ይገዛል። ብስክሌቱ ያምርና የማንም ሰው ብስክሌት ይሆናል። የተፋቀ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ለመንዳት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ጎማውን፥ የፍሬኑን ገመድና ላስቲክ መለወጥ፥ ካቴናውን ማጠብ፥ ሞዞውን ፈትቶ ግራሶ መቀባት፤ ብረቱ በውስጥ በኩል እንዳልዛገ፥ የአሉሚኒየሙም መሪ እንዳልተሰነጠቀ በደንብ መመርመር ይገባል፤ አሉሚኒየም ሲያረጅ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራልና። ቀለሙን ግን በዘይት ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃል።